በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል

መስከረም 6 ቀን 2018፣ ማክሰኞ፣ ቦንጋ

ዛሬ ስብሰባ ነበር። ስብሰባ ማለት ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ውባየሁ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ገፋ አድርገው የሚናገሩበት፣ እኛ ሦስታችን ደግሞ አንገታችንን የምንነቀንቅበት ነው። ዛሬ ግን የእኔ አንገት እምቢ አለ።

የጫካ ቡና ባለይዞታዎች የሚመዘገቡበትን ፕሮግራም ከመጀመሪያው የሠራሁት እኔ ነኝ። ለኪዎች በየቀበሌው እየዞሩ የገበሬውን ጫካ ወሰን በስልክ ይለካሉ፤ ልኬቱ ቢሯችን ወዳለው ሰርቨር ይገባል፤ ውጭ አገር ያለው ገዢ ቡናው ጫካ ተመንጥሮ የተተከለ አለመሆኑን በዚያ ያረጋግጣል። ዘንድሮ ያልተመዘገበ ጫካ ቡናውን የሚቀበለው የለም። ፕሮግራሙን የማሻሽለው በራሴ ላፕቶፕ ነው። የሥራ ዳታቤዙም እዚያው ተጭኖ፣ እኔ ብቻ የማውቀውን አመል ይዞ ይኖራል። ያሲርና ሱምያ ከተቀጠሩ ወዲህ በየላፕቶፓቸው ሊጭኑት ሞክረው አንድም ቀን በሰላም አልተነሣላቸውም። አንዴ ቨርዥኑ አይገጥምም፣ አንዴ ግማሹ ሠንጠረዥ ይጠፋል። በመጡ ቁጥር "በእኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል" እላቸዋለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ ይሠራል።

ጋሽ ውባየሁ ዛሬ ቁርጡን ነገሩን። ዳታቤዙ ኮንቴይነር ውስጥ ይግባ። የሚያስፈልገው ሁሉ አንድ ላይ ታሽጎ፣ በማንም ላፕቶፕ ላይ በአንድ ትእዛዝ እኩል ይነሣ። ኔትወርክ ሲጠፋም ሁሉም በራሱ ቅጂ ይሥራ። ሐሳቡ የያሲር ነው፤ ጅማ ተምሮ የመጣ ልጅ ነውና ሐሳብ አያጣም። ሥራውን ግን ለእኔ ሰጡኝ። የቤቱን ጓዳ የሚያውቀው ሀብቴ ነው አሉ። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ እንዲያልቅ።

ኮንትራቴ የሚያልቀውም በጥቅምት ነው። ይህን ማንም አላነሣውም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

መስከረም 7

ማታ ስልክ ላይ ሳወራ አከራዬ እትዬ የወርቅውሃ ሰምተውኝ ኖሮ፣ ኮንቴይነሩን የት አካባቢ ነው የምትከፍተው፣ ምን ልትሸጥበት ነው ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልሸጥም አልኳቸው። አላመኑኝም።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ብርቄ ደወለች። እህቴ ከባድ ነገር ስትይዝ ሰላምታ ታሳጥራለች፤ ዛሬ አጭር ነበር። ለኪዎች ከመስቀል በኋላ ወደ እኛ ቀበሌ ይገባሉ ተብሏል፤ ከደካ ከተማ ወደ ታች ያለው ጫካ በሙሉ ይለካል።

ደንቡን አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባሁት። ባለይዞታው ወሰኑን በእግሩ ይዞራል፣ ለኪው ስልኩን ይዞ ይከተለዋል፣ ሽማግሌዎች እየተከተሉ ይመሰክራሉ። በዞረው ሰው ስም ይመዘገባል። መዞር የማይችል ልጁን መወከል ይችላል። አባቴ ሐምሌ ላይ ጅረት ሲሻገር አንሸራቶት ዳሌውን ከተመታ ወዲህ ከደጃፍ ርቆ አያውቅም። ስለዚህ የሚዞረው እኔ ነኝ።

ብርቄ የአጎታችንን ልጅ አሞጽን አነሣችብኝ። አሞጽ ቀፎ የሚሰቅለው በእኛ ጫካ ባሉ ዛፎች ላይ ነው። በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ ዛፉ ለቀፎ የአንዱ፣ ከሥሩ ያለው ቡና የሌላው ይሆናል፤ በዚህም ተጣልቶ የሚያውቅ የለም። ጫካውን ሲመላለስበት የሚውለው ግን አሞጽ ነው። አባባ በዚህ ተጨንቆ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ስለ አሞጽ አንድ ቀን አልተናገረም፤ የሚጠይቀው አንተን ነው" አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። እሄዳለሁም።

መስከረም 14

ኢሜጁ፣ ማለት ኮንቴይነሩ የሚነሣበት እሽግ፣ በእኛ ኔትወርክ የሚወርድ አልሆነም። ያሲር ለቤተሰቡ ሱቅ ዕቃ ሊያመጣ ጅማ ሄዶ ነበር፤ እግረ መንገዱን በፍላሽ ይዞት መጣ። ጫንኩት። አስነሣሁት። "ፖርቱ ተይዟል" አለኝ።

ድሮ የጫንኩት ዳታቤዝ በሩ ላይ ተቀምጦ ለአዲሱ አልነሣም ብሏል። እውነቱን ለመጻፍ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ሱምያ ለኪዎች ያቀረቡትን አቤቱታ ሰብስባ አመጣች። ስልኩ እዚህ ገጽ ላይ ይቆማል፣ ይህ ምርጫ ይጎድላል፣ ያ ይጨመር የሚል ዝርዝር ነው። አሁን አይደለም አልኳት።

መስከረም 18፣ እሑድ

ትናንት መስቀል ነበር። አገር ቤት አልሄድኩም። ማሽቃሮ፣ የእኛ የካፋ መስቀል፣ እኔ ሳልኖር ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። መናኸሪያው ባለፈው ሳምንት በሰው ሲጥለቀለቅ በዚያ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩት፤ የአገሬ ልጅ አይቶኝ መቼ ነው የምትሄደው እንዳይለኝ። ጋሽ ውባየሁ ሦስት ቀን እረፍት ሰጥተውን ነበር። እኔ ሥራው አይለቀኝም አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። የተመሰገንኩ መስሎኝ ነበር።

ከተማው ጭር ስላለ ብዙ ሠራሁ። የድሮውን ዳታቤዝ ዘጋሁት። ኮንቴይነሩ ተነሣ። ዳታው የሚቀመጥበት ቮልዩም የሚባል ጎተራ አለው፤ ኮንቴይነሩ ቢጠፋ ጎተራው ይተርፋል። ሁሉን የሚያዘው ፋይል አጭር ነው፤ ሠላሳ መስመር ቢሆን ነው። ከሰርቨሩ የተወሰደው ቅጂም ጎተራው ባዶ ሲሆን በራሱ ይገባል። ሲነሣ አይቼ እጄን አጨበጨብኩ፤ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን መሆኔን ያስታወስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፋይሉን ለያሲርና ለሱምያ ልኬላቸዋለሁ። ፓስወርዱንና የሰርቨሩን ቅጂ አልላክሁም። ለደኅንነት ነው። የገበሬ ስም ያለበት ነገር እንደ ዘፈን በየፍላሹ አይዞርም። ሲጠይቁኝ እሰጣቸዋለሁ፤ ይጠይቁኝ።

ማታ ብርቄ የእንኳን አደረሰህ መልእክት ላከች። አባባ ደጃፍ ወጥቶ መንገዱን ሲያይ ዋለ ብላ ጨመረችበት። ለምን ትጽፍልኛለች ይህን?

መስከረም 22

መብራት ጠፋ። መጣ። ጠፋ።

የያሲር ላፕቶፕ ላይ አልተነሣም። ፓስወርድ ጠየቀኝ፤ በቃል ነገርኩት። ተሳስቶ ጻፈው፤ አልደገምኩለትም።

መስከረም 27፣ ማክሰኞ

ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ስልኬን ረስቼ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሱምያ ለእኔ አዝና ታወራለች፦ ምስኪን፣ በዓሉን እንኳ እዚህ ነው ያሳለፈው፣ አባቱ ታመዋል። ያሲር ሳቀና እንዲህ አላት፦

"ማን ያዘው? አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ቢያሳየን ነገ መሄድ ይችላል። ራሱ ነው መፈታት የማይፈልገው።"

ስልኬን ሳልይዝ ሄድኩ። ትናንት የመጣ ልጅ! እኔ ይህን ፕሮግራም የሠራሁት በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ፣ መብራት በሄደ ቁጥር እየሰደብኩ ነው። ዲግሪ የለኝም፤ ያለኝ ይህ ነው። ሁሉን በአንድ ትእዛዝ የሚነሣ ካደረግኩት በኋላ ለእኔ ምን ይቀረኛል? ይህን ያሲር አይገባውም። ቢገባው እንኳ ምን ገዶት።

እሱ እንደሚለው አይደለም። መፈታትማ እፈልጋለሁ።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ቀኑ ተቆርጧል። የእኛ ጫካ የሚለካው ሐሙስ፣ ጥቅምት 6 ነው። ለኪው አዲሱ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው፤ እዚህ ሥልጠና ሲወስድ አውቀዋለሁ።

ብርቄ ስትነግረኝ ድምጿ ደረቅ ነበር። ከዚያ "ከተቸገርክ እኔ ልዙርለት። ወሰኑን አውቀዋለሁ፣ ሽማግሌዎቹም አይጠሉኝም" አለች።

እንዴት እንደተናደድኩ! ወንድ ልጅ እያለው ሴት ልጁ ዞረች ሊባል ነው፤ ሰው ሀብተሥላሴ ከተማ ገብቶ ጠፋ ሊል ነው። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "ጠብቂኝ፣ ረቡዕ ማታ ቤት ነኝ" አልኳት። እሺ አለች። እሺ ስትል እንደማታምነኝ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆና አሻንጉሊት ከቦንጋ አመጣልሻለሁ ስላትም እንዲህ ነበር እሺ የምትለኝ። ለጫካው ጫማ እንኳ አዘጋጅቻለሁ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ በጋሽ ውባየሁ ፊት ሊታይ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ተነሣ። የሱምያ ላይ ተነሣ። የያሲር ላይ፦ "ፓስወርዱ ትክክል አይደለም።"

ትክክለኛውን አስገባ። ትክክል አይደለም። ፋይሉ ላይ ቀየረው። ትክክል አይደለም። ጋሽ ውባየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ምክንያቱን ወዲያው አውቄዋለሁ። ጎተራው መጀመሪያ ሲሠራ የተሰጠውን ቁልፍ ነው የሚያውቀው። ያን ቀን ያሲር ተሳስቶ በጻፈው ፓስወርድ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ ሺህ ጊዜ ቢቀይሩ አይሰማም። ጎተራውን አጥፍቶ ደግሞ ማስነሣት ነው፤ ቅጂው እንደገና በራሱ ይገባል። አንድ መስመር ነው። አፌ ድረስ መጣ።

"ውስብስብ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል" አልኩ።

ጋሽ ውባየሁ የአባቴን ነገር ከሱምያ ሰምተው ኖሮ፣ ነገ ሂድ፣ ያሲር ይሞክረው፣ ሰኞ ስትመጣ ታዩታላችሁ አሉኝ። እንደ አባት ነው የተናገሩት። እኔ ግን ያለ እኔ አይሆንም አልኳቸው። ነገ ጠዋት ጨርሼ ከሰዓት እሄዳለሁ አልኩ። ያሲር ቀና ብሎ አየኝ።

ጥቅምት 5

ጠዋት ቢሮ ስገባ ያሲር የለም፤ ላፕቶፑን ይዞ ለቤተሰቡ ጉዳይ ሺሺንዳ ሄዷል። ያለ ላፕቶፑ ምን ልሥራ? ጠበቅኩት። ከሰዓት ዝናብ ወረደ። የደካ መኪና ሞልቶ ወጣ አሉኝ። ነገ ማለዳ አለ። ለኪዎች ደግሞ በሰዓቱ ደርሰው አያውቁም።

መናኸሪያ ድረስ ግን አልሄድኩም። ሞልቷል ያሉኝን ነው ያመንኩት።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ያሲር ማለዳ መጣ። ልሂድ ስል፣ ከመሄዴ በፊት ላሳየው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጋሽ ውባየሁ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ከዚያ መብራት። ከዚያ ቀትር።

ብርቄ ሦስት ጊዜ ደውላለች። አላነሣሁም። ምን እላታለሁ?

ምሳ በልቼ ስመለስ ያሲርና ሱምያ እየሳቁ ነው። የያሲር ስክሪን ላይ ዳታቤዙ ተነሥቷል። ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ጎተራውን አጥፍቶ አስነሣው። "አንድ መስመር ነበር እኮ ሀብቴ!" አለኝ፤ ተንኮል የለውም፣ ደስ ብሎት ነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ጎበዝ አልኩት። ጎበዝ ስለው ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ጋሽ ውባየሁ አመሰገኑኝ። ከእንግዲህ የዋናው ሰርቨር ፓስወርድ በአንድ ሰው እጅ መሆን የለበትም ብለው አስቀየሩት። ማንኛውም የምዝገባ ለውጥ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን አሉ። ትክክል ናቸው። አስረከብኩ።

ብርቄ ዛሬ አልደወለችም። እኔ ደወልኩ። አላነሣችም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

እጄ ይከብደኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ዛሬ ከወረዳችን ከጌሻ የመጣው ልኬት ወደ ሰርቨሩ ገባ። እንደ ደንቡ አዲስ ቅጂ ወስደን በየኮንቴይነራችን አስገባን። ሦስታችን በአንድ ትእዛዝ፣ እኩል። እንዴት ያምራል! የእኛን ቀበሌ ፈለግኩ። በካርታው ላይ ጫካችንን አየሁት፤ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ጅረቱ ሲወርድ ጠበብ ይላል። ልጅ ሆኜ የጠፋሁበት፣ አባቴ በፉጨት እየጠራ ያገኘኝ ጫካ ነው። ባለይዞታ በሚለው ሥር "አሞጽ" ይላል። የዞረው፦ "ራሱ"።

መጀመሪያ የተሳሳተ መስመር የከፈትኩ መሰለኝ። ዘግቼ ከፈትኩት። አሞጽ። የያሲርን ላፕቶፕ አየሁ፤ እዚያም አሞጽ። የሱምያም ላይ። ይህን ነበር የፈለግነው፤ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት።

ሱምያ ፊቴን አይታ ምን ሆንክ አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ወጥቼ በከተማው ስዞር ዋልኩ። አሞጽን ስሰድበው፣ ለኪውን ስሰድበው፣ ያሲርን ሺሺንዳ በመሄዱ ስሰድበው ቆየሁ። እነሱን ጨርሼ ወደ ራሴ ስደርስ ቤቴ ገባሁ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ብርቄ አነሣች። አልጮኸችም። ብትጮህ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሐሙስ ዕለት እስከ ቀትር ጠብቀውኛል። ሽማግሌዎቹ ጠብቀዋል፣ አዲሱ ጠብቋል፣ አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠብቋል። ስልኬን አላነሣ ስላት ብርቄ ነጠላዋን አጣፍታ እኔ እዞራለሁ አለች። አንድም ሽማግሌ አልከለከላትም። አዲሱ ስልኩን ከፈተ። ወኪሉ ለባለይዞታው ምኑ ነው የሚል ገጽ አለ። ምርጫዎቹ፦ ራሱ፣ ሚስት፣ ወንድ ልጅ። ሴት ልጅ የለም። አንዱን ካልመረጡ ስልኩ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። አዲሱ ብዙ ታገለ። ማታ ወደ ሌላ ቀበሌ ማለፍ አለበት። ጫካው ሳይለካ ከሚቀር አሞጽ ባለይዞታው ራሱ እንደሆነ ተደርጎ ይዙርና በኋላ ቢሮ ያስተካክሉታል ተባለ። አሞጽ ዞረ።

"ስልኩ እኔን አላወቀኝም" አለች ብርቄ። "ማን እንደሠራው አዲሱን ጠየቅኩት። ነገረኝ።"

ያን ዝርዝር የሠራሁበትን ቀን አላስታውሰውም። ደቂቃም አልፈጀብኝ። ማንም ሴት ልጅ አታስገባ አላለኝም፤ ትዝም አላለችኝ። ከሱምያ አቤቱታዎች ሦስተኛው ይኸው ነው፤ ዛሬ አነበብኩት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ወጡ። ኮንቴይነሬን ከፍቼ አንድ መስመር ጻፍኩ። አሞጽ የሚለውን ገብረሚካኤል አልኩት። ካርታውን ከፈትኩ። ጫካው በአባቴ ስም ሆነ። ፊደሉ ሳይቀር የሚያምር ሆኖ ታየኝ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። አንድ ጊዜ እንዲያውም ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላነሣውና ለብርቄ ልልክላት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ሆኛለሁ።

የእኔ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው። ገዢው ይህን አያየውም፤ ጋሽ ውባየሁ አያዩትም፤ ጫካው ውስጥ ያለ ሰውም አያውቀውም። ዋናውን ለመቀየር ደግሞ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል፤ ባለፈው ሳምንት ቢሆን ኖሮ አንድ እጅ ይበቃ ነበር። ያ አንድ እጅ ምን ያደርግ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ ያሲርን መስደብ ተውኩ።

ኮንቴይነሩን ከነጎተራው አጠፋሁት። እንደገና አስነሣሁት። ቅጂው በራሱ ገባ። አሞጽ። በደንብ ነው የሠራሁት፤ ምንም እንከን የለውም።

ጥቅምት 13

ለጋሽ ውባየሁ ሁሉን ነገርኳቸው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ምክንያቱን አውቄ ዝም ማለቴንም። ስለ ኮንትራቴ ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ልኬቱ ለገዢው የሚላከው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ የተመዘገበው ሰው ፈቅዶ ሽማግሌዎች ባሉበት እንደገና ከተዞረ ይታረማል አሉኝ። የተመዘገበው ሰው ከፈቀደ።

ሱምያ ምርጫውን ጨመረችው። ያሲር ሞከረው። እኔ ቁጭ ብዬ አየሁ። ያሲር መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ፤ መኪናው እስኪወጣ አልተመለሰም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፣ አባቴ ቤት

ሐሙስ ማታ ስደርስ አባቴ ስሞኝ፣ ከስተሃል አለኝ። እሱም ከስቷል።

አሞጽ ዛሬ ጠዋት ከሽማግሌዎቹና ከለኪው ከአዲሱ ጋር መጣ። ሌሊቱን ሁሉ የምነግረውን ሳዘጋጅ አድሬ ነበር፤ ከቢሮው የተሰጠ ደንብ፣ የወሩ መጨረሻ፣ አቤቱታ የማቅረብ መብት። አንዱንም አላስጨረሰኝም።

"ዛፎቹ የእኔ፣ ቡናው የአባትህ ነው" አለ። "ይሄን የማያውቀው ያንተ ስልክ ብቻ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ዓይኔ እንባ ሞላ። አዲሱ ስልኩን ከፍቶ ማን ነው የሚዞረው ብሎ ጠየቀ። ተነሣሁ። ጫማዬን አጥብቄ አስሬ ነበር።

አባቴ በቋንቋችን በካፊኖኖ ነው የተናገረው፤ ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ። "ብርቄ ትዙር" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "አንተ ስልኩን ያዝ። ሥራህ እሱ አይደል?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። እንደ አንድ የቤት ጉዳይ ነው የተናገረው፤ የሚመለስም አልነበረም።

አዲሱ ስልኩን ሰጠኝ። ብርቄ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከጎን፣ እኔ ከኋላ ሆነን ገባን። ቡናው ቀልቷል፤ እየሄደች ቅርንጫፍ ስታነሣልኝ ታልፋለች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ጅረቱ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወሰኑ ጅረቱን ይዞ እንደሚወርድ ነው የማውቀው። አንዱ ሽማግሌ እጄን ያዘኝ። ጅረቱ መንገዱን ከቀየረ ቆይቷል አለኝ፤ የድሮው መውረጃ በቀኝ በኩል ነው፤ አሁን ሣር በቅሎበታል። ብርቄ ቆማ አልጠበቀችንም፤ እዚያ ሣር ውስጥ ገብታ ስትሄድ ጀርባዋን አየሁት።

መጀመሪያ በተቆረጠው ሐሙስ በሰዓቱ ብደርስ ኖሮ እንኳ ወሰኑን አሳስቼ እዞረው ነበር። አባቴ ይህን ከእኔ በፊት ያወቀው ይመስለኛል። ያም ሆኖ እስከ ቀትር ጠብቆኛል።